አደጋውን ላየ ሰው ማን ይደርስለታል?



የትራፊክ አደጋ ዜና ሲነበብ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ቁጥር ይነገራል፤ ከዚያ ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰባቸው፣ ቀጥሎ ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው፣ መጨረሻ ላይ በብር የተገመተ የንብረት ውድመት። የተሰነጠቀ መስታወትና የተጣመመ ፓራውልት እንኳ ዋጋ ወጥቶላቸው ይመዘገባሉ። ሰው ሲሞት ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ያየች የጀበና ቡና ሻጭ ግን በዚህ ዝርዝር የለችም። አካሏ ደህና ነው፤ ዕቃዋም አልተነካም። ማታ ቤቷ ገብታ ዓይኗን ስትከድን የሚመጣባትን የሚጽፍ የለም። ዛሬ የምናገረው ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ ነው። ሐሳቤም ይህ ነው፦ ሞትን በዓይኑ ያየ ሰው ከድንጋጤው መውጣቱ ወይም በዚያው መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት በዙሪያው ያለ ሰው በሚያደርግለት ነው። ለዚህ የሚሆን ሙያ እኛ ዘንድ ከጥንት አለ፤ ሐዘንተኛን የምንይዝበት ወግ ነው። ወጉን ለሟች ቤተሰብ ብቻ ወስነን፣ አደጋውን ያየውን ሰው ከድንኳኑ ውጭ ትተነዋል።

የነገሩን ስፋት አስቀድመን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚውም ይኸው ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ለ2016 የተመዘገበውን ሞት 4,352 ብሎ፣ የራሱን ግምት ግን ከ27,000 በላይ አድርጎታል። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለዛሬ ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ በቀን ከአሥር ሰው በላይ ማለት ነው። ለእኔ ክርክር ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስፈልገው ሞቱ የሚደርስበት ቦታ ነው። በሌላው ዓለም ከመኪና በቀር ማንም በማይደርስበት ፈጣን መንገድ ላይ የሚደርስ ከባድ አደጋ አለ። የእኛ መንገድ ግን ሰው የሚውልበት ነው። ባሕር ዳርን ከዓባይ ድልድይ እስከ መራዊ መውጫ ብትሄዱባት ብስክሌቱ፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ጋሪው፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ተማሪ፣ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት፣ ሊስትሮው፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ይጋራሉ። በዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው በሰው መሐል ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ከገላና ወንዝ ድልድይ ወድቆ 71 ሰዎች ሲሞቱ፣ በወጡት ምስሎች ላይ ውኃው ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ መኪናውን በገመድ ለመጎተት ሲታገል ይታያል። የሟቾቹ ቁጥር ለአገርም ለውጭም ተነግሯል። ገመዱን የያዙት ሰዎች ያን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ የጠየቀ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ለመሆኑ ያየ ሰው ምን ይሆናል? በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሆነው በአብዛኛው ሰው ላይ ተመሳሳይ ነው። ምስሉ ሳይጠራ ይመጣል፤ እጅ እየታጠቡ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው። ከምስሉ ይልቅ ድምፁ የሚመጣባቸውም አሉ፤ የፍሬን ጩኸት፣ የቆርቆሮ መጨማደድ፣ ከዚያ ለአፍታ የሚሆነው ዝምታ። እንቅልፍ ይሸሻል፤ ቢመጣም በላብ ያነቃል። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ልብ ይዘላል። ምግብ አይወርድም። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ምንም አልሰማ ይለውና በራሱ ጭካኔ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ በልጆቹ ላይ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ያን መታጠፊያ ላለማየት ረጅሙን መንገድ ዞሮ የሚሄድም ሞልቷል። ይህ ሁሉ የእብደት ምልክት አይደለም፤ አንጎል ሊደርስ ከሚችል አደጋ ራሱን ሲጠብቅ የሚያደርገው ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በመመሪያው ውስጥ ሲያስገባ ብዙ ሰው የወታደር ሕመም አድርጎ ነበር ያየው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የመመሪያው አምስተኛ እትም ግን በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ሞት በአካል ተገኝቶ ማየትን ለሕመሙ መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ አድርጎ በግልጽ አስቀምጧል። ሕመም የሚባለውም ምልክቶቹ ተደራርበው ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁና ሰውዬውን ከሥራው ወይም ከቤተሰቡ ሲያውኩት ነው። ከወሩ በፊት ያለው ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ብዙው ሰው በዚያ ወር ውስጥ ይረጋጋል፤ ጥቂቱ አይረጋጋም። ጥያቄው እንግዲህ ጥቂቱን ምን ይለየዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የምመረኮዝበት የብሪታኒያው ክሪስ ብሬዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ነው። ሰባ ሰባት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። የዕድሜ፣ የጾታ፣ የትምህርትና የቀደመ ሕይወት ልዩነት ድርሻ አለው፤ ግን ትንሽ ነው። ከፍ ያለ ክብደት ያገኙት በክስተቱ ጊዜና ከክስተቱ በኋላ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ጎልቶ የወጣው ከአደጋው በኋላ ከሰው ድጋፍ ማጣት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በጠባዩ ጠንካራ ወይም ደካማ ስለሆነ ነው የሚታመመው የሚለው የመንደር ፍርድ በማስረጃ ሲመዘን ይቀልላል። ማን አብሮት ተቀመጠ? ማን ተወው? ከጠባዩ ይልቅ የሚመዝነው ይህ ነው።

ድጋፍ ስል ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሆነ ግን መለየት ያስፈልጋል፤ በቅንነት የሚደረግ ጉዳትም አለና። በየሰፈሩ ሁለት መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። አንደኛው «እርሳው፣ አታስበው» የሚለው ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ማሰብ ሲፈቀድላቸው መጀመሪያውኑ አስቡ ከተባሉት ይልቅ ድቡን ደጋግመው አሰቡት። በግድ የተገፋ ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። እንደ ድብ ያለ ተራ ሐሳብ እንዲህ ካስቸገረ፣ በአስፋልት ላይ የታየን የሰው ፊት «እርሳው» ማለት ምን ያህል እንደሚጠቅም ገምቱት። ሁለተኛው መድኃኒት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «እስቲ ንገረን፣ ሁሉን አውጣው፣ ከሆድህ ይውጣ» የሚለው። ይህኛው የሳይንስ ካባ ለብሶም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች በቀናት ውስጥ አስቀምጦ ያዩትንና የተሰማቸውን አንድ በአንድ ማስተረክ እንደ ግዴታ ተስፋፋ። ኦክስፎርድ ላይ ሆብስ፣ ማዩና ባልደረቦቻቸው ዘዴውን የመንገድ አደጋ ደርሶባቸው ሆስፒታል በገቡ ሰዎች ላይ ፈተኑት፤ ገሚሱን አስተረኩ፣ ገሚሱን ተዉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያዩአቸው፣ መጀመሪያ ላይ ምስሉ እየመጣ ክፉኛ ያስቸግራቸው ከነበሩት ውስጥ እንዲተርኩ ያልተደረጉት ድነው፣ እንዲተርኩ የተደረጉት ግን እንደታመሙ ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በጥናቱ የተካተቱት ራሳቸው የተጎዱ ሰዎች ስለሆኑ ቆመው ላዩት ሁሉ እንዳለ ይሠራል ብዬ አልምልም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 መመሪያው ይህን ዓይነቱን ማስተረክ በቅርቡ ለደነገጠ ማንኛውም ሰው እንዳይሰጥ መክሯል፤ ለዚያው ጊዜ ድንጋጤ ዲያዜፓምና መሰሎቹ እንዳይታዘዙም ጨምሮ አሳስቧል።

ዝም ማሰኘትም ማስለፍለፍም ካልሆነ ምን ቀረ? እዚህ ላይ የመርዶንና የለቅሶን ሥርዓት ቀረብ ብላችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ፤ ስለለመድነው ጥበቡን አናየውም። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። ንጋት ይጠበቃል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት አስቀድሞ ሰምቶ በር ላይ ይሰበሰባል፤ መርዶ የሚነገራት ስትወድቅ የምትይዛት ሴት ከጎኗ ትቆማለች። ከዚያ ድንኳን ይተከላል። የገባው ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሙስሊሙም በራሱ ዱዓ ያጽናናል። እንዴት ሞተ፣ ምን አለ፣ ደሙ የት ፈሰሰ ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ ነው። ሐዘንተኛው ማውራት ሲፈልግ ያወራል፤ ያኔ ሁሉም ጆሮ ይሰጠዋል፤ ሲበቃው ይተዋል፤ ማንም «ቀጥል» አይለውም። ንፍሮው ከጎረቤት ይመጣል፤ እሳት የምታነድ ሌላ ናት። ሌሊቱን ብቻውን እንዳያድር ዘመድ አብሮ ያድራል፤ ከተማ ላይ ደግሞ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያነጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ያነበበ ሰው እነዚህን ሁሉ ያገኛቸዋል፦ ደኅንነቱን አረጋግጥ፣ አጠገቡ ሁን፣ እንዲያወራ አታስገድደው፣ ካወራ አዳምጠው፣ የዕለት ችግሩን አቅልልለት፣ ከሚያግዙት ሰዎች ጋር አገናኘው። ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያለ መመሪያ ያውቀዋል።

ካርታውን እንኳ ለጨዋታ ብቻ አታዩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የኦክስፎርድ ሌላ ጥናት የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ወይም ያዩ 71 ሰዎች ድንገተኛ ክፍል እንደደረሱ በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ያየውን ለአፍታ እንዲያስታውስ ተደርጎ፣ ቴትሪስ የሚባለውን ጡብ የመደርደር ጌም ለሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። በቀጣዩ ሳምንት ውስጥ ይህ ቡድን ሳይጠራ የሚመጣበት ምስል ከሌላው ቡድን በጣም ያነሰ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ዓይንና ሐሳብን ጠምዶ የሚይዝ ሥራ ምስሉ በትውስታ ውስጥ እንዳይደድር ያደርጋል ይላሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ካርታና ቴትሪስም አንድ ናቸው አልልም። ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅንና ዓይንን የሚይዝ ቀላል ሥራ መስጠት፣ ሽንኩርት አስልጦ ወይም ዳማ አጫውቶ ማስመሸት፣ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለቤተሰቡ እናደርጋለን። ያየው ሰው ግን ከሟች ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙንም ላያውቀው ይችላል። ድንኳኑ በሌላ ሰፈር፣ ምናልባትም በሌላ ወረዳ ይተከላል፤ ቀብሩም ሣልስቱም አርባውም ከእሱ ርቆ ያልፋል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ አስከሬኑን አልብሳ ይሆናል፤ ያ ነጠላ ከሟች ጋር ይሄዳል፤ እሷ ግን ሐዘንተኛ አይደለችምና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚላት የለም። ፖሊስ ልኬቱን ይጨርሳል፣ አስከሬኑ ይነሣል፣ ደሙ ላይ አሸዋ ይደፋበታል፣ መንገዱ ይከፈታል። ባጃጅ ነጂው የዕለት ገቢውን ለባለንብረቱ ማስረከብ ስላለበት ወደ ተራው ይመለሳል። ሱቅ የከፈተው ያንን አሸዋ ፊት ለፊት እያየ ይውላል። ቤት ሲገባ ቢናገር የሚመለስለት «አንተን አልነካህም፣ ተመስገን በል» ነው። አባባሉ ቅን ነው፤ ሰውዬውን ግን ዝም ያሰኘዋል፤ ዘመድ ያልሞተበት ሰው ምን ቤት ነኝ ብሎ ያዝናል? በዚህ ላይ የስልኩ ነገር ይጨመራል። አስከሬን ቀርፆ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለጥፍ ሰው ለማስተማር ነው ይላል። ለሟች ቤተሰብ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጎረቤት፣ ምናልባትም በሌሊት መርዶ እየነገረ መሆኑን ቢያስብ ኖሮ እጁ ይመለስ ነበር። ቦታው ላይ ለነበረው ሰው ደግሞ ለማየት ያልፈለገውን ነገር ደጋግሞ ኪሱ ድረስ ይልክለታል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቀን የሚቆየው ጸጸት ነው። «ጮኼ ብጠራው ኖሮ፣ እጁን ብይዘው ኖሮ፣ ትንሽ ቀደም ብዬ ብነሣ ኖሮ።» ይህን ሐሳብ «አይ፣ የእግዜር ቀን ነው» በማለት ብቻ ማለፍ አይበቃም፤ እስቲ እንቁጠረው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዳር የቆመ ሰው አደጋው ሊደርስ መሆኑን ለማወቅ፣ ከዚያ አፉን ለመክፈት፣ ተጎጂው ድምፁን ሰምቶ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናው ከባጃጅ ተራው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል። በትዝታ ውስጥ ግን ሰከንዱ ይለጠጣል። ውጤቱን ካወቅን በኋላ አስቀድመን ማወቅ እንችል የነበረ የሚመስለን ሁላችንም ነን፤ ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን በሙከራ አሳይቷል። ስለዚህ ጸጸተኛን ሰው «ምንም ማድረግ አትችልም ነበር» ከማለት ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ ርቀቱንና ጊዜውን መቁጠር ይሻላል፤ እሱ ራሱ ሲቆጥረው ያምነዋልና። በእርግጥ አንዳንዴ ማድረግ የሚቻል ነገር ይኖራል፤ 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት፣ ደሙን በጨርቅ አፍኖ መያዝ። ያን ያላደረገ ሰው ጸጸቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው የሚሻለው የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ነው። የንስሐ አባት ወይም ኢማም የሚያስፈልገውም ይኖራል።

አሁን ወደሚነሡት ተቃውሞዎች ልግባ። የመጀመሪያውና በዚህ ከተማ ከባዱ፣ ይህ ሕዝብ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከመኪና አደጋ የከፋ ብዙ ነገር አይቷል፣ የአንድ አደጋ ድንጋጤ ምኑ ይነገራል የሚለው ነው። አክብሬ እሰማዋለሁ። ነገር ግን ማስረጃው የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ቀደም ሲል መከራ ያየ ሰው ለአዲሱ መከራ ይበልጥ ተጋላጭ ነው እንጂ ደንዳና አይሆንም። ያን ሁሉ ነገር ችሎ የኖረ ሰው በአንድ ባጃጅ መገልበጥ ሲሰበር ብናይ «በዚህች?» ማለት የለብንም። ብዙ ያየች ከተማ ለዚህ ጉዳይ ከሌሎቹ ቀድማ ማሰብ ያለባትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ሰው ራሱ ይድናል፣ ስለ ሕመም ባወራችሁት ቁጥር ታሳምሙታላችሁ የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ብዙው ሰው ይድናልና ለሁሉም ሕክምና ማዘዝ ስህተት ነው፤ ስለ ማስተረክ የተደረገው የኦክስፎርድ ጥናትም ፍርድ ይኸው ነበር። እኔ የምጠይቀው ሕክምና አይደለም፤ አብሮ መቀመጥን ነው። የሚድነውም ሲድን ብቻውን አይድን፤ የማይድነውም ሳይታይ አይቅር።

ሦስተኛው ጸበልና ጸሎት እያለ ለምን የሐኪም ነገር ይነሣል የሚለው ነው። ጸበልን ከሐኪም የሚያጣላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኒቱም በላይ ሄዷል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለደነገጠ ሰው ጸበል ቦታ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ አብሮት የሚሄድ ሰው አለ፣ የሚታወቅ ሰዓት አለ፣ የሚይዘው እጅ አለ። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በድንጋጤ የሚጮኸውን ሰው መንፈስ ሰፍሮበታል ብሎ ማሰርና ማስራብ። የአረቄውን ነገርም እዚሁ ላንሳው፤ ለድንጋጤ የሚታዘዘው አንድ መለኪያ ሁለተኛውን ይጠራል፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ ጠዋት ሰውዬው ከነድካሙ መሪ ይጨብጣል። ጫቱም ያን የሸሸ እንቅልፍ ይበልጥ ያርቀዋል።

አራተኛው ባለሙያ የለም የሚል ነው፤ ይህኛው እውነት ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚያስተናግዱት ከከተማዋ አልፎ ከብዙ ወረዳ የሚመጣ ሕሙም ነው። ስለዚህ ወደዚያ መሄድ ያለበት ማን እንደሆነ ሰፈሩ መለየት አለበት። አንድ ወር አልፎት ምስሉ ያልተወው፣ ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ ሥራውን የተወ፣ መጠጥ ያበዛ፣ ወይም በማንኛውም ቀን ቢሆን መሞትን የተናገረ ሰው። ይህ መሞትን የተናገረው ሰው ወር አይጠበቅለትም፣ ያኑ ቀን ይወሰዳል። ለሕመሙ ጥሩ ውጤት ያሳዩ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። በእነዚህ ሕክምናዎች ውስጥ ሰውዬው ትዝታውን በሠለጠነ ሰው እጅ ቀስ በቀስ ይነካዋል፣ የሸሸውንም መታጠፊያ ደረጃ በደረጃ ይመለስበታል። ይህ ቀድሞ ከነቀፍኩት ማስተረክ ይለያል፤ የሚሰጠው ለታመመ ሰው ነው፣ በጊዜው ነው፣ ከብዙ ቀጠሮ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ወር ግን ዕድር ሊይዘው ይችላል። ዕድር ደንቡ ላይ «የአባል ቤተሰብ ሲሞት» የሚለውን አንቀጽ ሳይነካ፣ አባሉ ሞት ያየ እንደሆነ ሁለት ሰው ሦስት ቀን እንዲጠይቀው መወሰን ይችላል፤ ወጪው የቡና ያህል ነው። የባጃጅ ማኅበርም አደጋው ፊት ለፊት የቆመ አባሉ ያን ቀንና ማግስቱን የዕለት ገቢ እንዳይጠየቅ ከባለንብረቶች ጋር መስማማት አያቅተውም። የትራፊክ ፖሊስ ባልደረቦቻችን ደግሞ ይህን በሙያቸው ደጋግመው የሚያዩ ናቸው፤ ለእነሱ ከአስከሬን በኋላ አብሯቸው ሻይ የሚጠጣ ባልደረባ በሥራ ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት፤ ለጀግንነታቸው ተብሎ መተው የለበትም።

ስለ ልጆች ለብቻው እናገራለሁ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ባዶ ወንበር ፊት የተቀመጡ ልጆች አሉ ማለት ነው። ልጅ ድንጋጤውን በቃል አይናገርም። መኪና ሲጋጭ ደጋግሞ ይጫወታል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ይጀምራል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይላቀቅም፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል፣ ሆዴን አመመኝ ይላል። ይህን ሞልቃቃነት አድርጎ መግረፍ ይቅር። ለልጅ የሚያስፈልገው እውነቱን በአጭሩ መስማት ነው፦ ሰውዬው ሞቷል፣ አንተ ጥፋት የለብህም፣ እኔ አጠገብህ ነኝ። «ተኝቷል» ያልነው ልጅ መተኛት ይፈራል። ተጫውቶ ይጨርስ፤ የሚተኛበት ሰዓት፣ የሚበላበት ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱም ሳይቋረጡ ይቀጥሉ። መምህራኑ በአደጋው ቀን በዚያ መንገድ የመጡት ልጆች የትኞቹ እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ከእነሱ የሚጠበቀው እነዚያን ልጆች ለአንድ ወር ዓይን ሳይነቅሉ ማየት ነው።

«ያዩት ሰዎች ማን እንደሆኑ በምን እናውቃለን?» ለሚለው መልስ በፖሊስ እጅ አለ። መርማሪው በቦታው የምስክሮችን ስምና ስልክ ይይዛል። ያ ዝርዝር ለፍርድ ቤት ብቻ የሚሠራበት ምክንያት የለም፤ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ አንድ አንድ ጊዜ ተደውሎ «እንዴት ሰነበቱ? እንቅልፍ አለ?» ቢባልበት የሚጠይቀው የስልክ ሒሳብና አንድ ሰው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ምስክር እንዳይሆን ፈርቶ ከቦታው እንደሚሸሽ፣ የወደቀውንም ለማንሣት እንደሚያመነታ ይነገረኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ የተወን ሰው ያስቀጣል። ሕጉ እርዳ ካለ፣ የረዳው ሰው ጣቢያ ለሰዓታት ተቀምጦ እንደ ተጠርጣሪ እንዳይጠየቅ፣ ከእጁ ላይ ደም የሚታጠብበት ውኃ እንኳ ሳያገኝ ቃሉን እንዳይሰጥ መጠበቅም የሕጉ አስፈጻሚዎች ሥራ ነው። ክሱ ሲቀርብም ምስክሩን መጥሪያው ከወራት በኋላ ይደርሰዋል፤ ሊረሳው የተቃረበው ነገር በወረቀት ተጽፎ ቤቱ ይመጣል። በዚያ ሳምንት እንቅልፉ እንደገና ቢሸሽ የሚጠበቅ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ቢያስረዳው፣ ከቤቱ አንድ ሰው ችሎት ድረስ አብሮት ቢሄድ፣ ሲናገር ድምፁ ከተቆረጠ ዳኛው ለጥቂት ደቂቃ ቢያሳርፈው፣ ቃሉም ይጠራል፤ ሲወጣም ደጅ ላይ የሚጠብቀው ሰው ምን ብለህ መሰከርክ ሳይለው ምሳ ይዞት ይሄድ።